ኮረሪማ የሚሸተው እጅ

ሌላው ሰው ኮረሪማ ሲሸተው ወጥ ትዝ ይለዋል፤ እኔ ግን ቅናቴ ነው የሚነሣብኝ። ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ከመቱ ሲመለስ ገና ያልደረቀ፣ ቀይ ቆዳው ያልተጨማደደ ኮረሪማ በቅጠል ጠቅልሎ አመጣልኝ። «እማማ፣ ያገርዎን ሽታ ያሽትቱ ብዬ ነው» አለኝ። መርቄ ሸኘሁትና በሩን ዘግቼ አንዱን በጥፍሬ ሰነጠቅኩት። ሽታው ቤቱን ሞላው። ይህን ሁሉ ዘመን ኖሬ፣ ጠጉሬ ነጭ ሆኖ፣ በጫልቱ እንደገና ቀናሁ።

ያኔ ጣሊያን አልገባም። መቱ ትንሽ ከተማ ነበረች፤ ከላይ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ከመሐል ገበያው፣ ከታች ደግሞ ጥብቁ። ቡናው በበቅሎ ወደ ጎሬ ይጫናል፤ ከጎሬ ወደ ጋምቤላ ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ የት እንደሚሄድ ስለማላውቅ የባሮ ወንዝ ራሱ የሚጠጣው ይመስለኝ ነበር። አያቴ ባሻ ይርዳው የቡና መዛኝ ነበሩ። ሚዛናቸው ከገበያው ዋርካ ላይ የሚንጠለጠል፣ ጥርስ ጥርስ ያለው ረጅም የብረት ክንድ ነበረው። ሁለት ነጋዴ ተጣልቶ ሸንጎ ሊሄድ ሲል «ባሻ ይመዝኑልን» ከተባለ ጠቡ ያልቃል። አባባ የሚሉትን ቁጥር መልሶ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

«ጥብቁ» የምንለው ከከተማው ጫፍ ጀምሮ ወደ ሶር ወንዝ የሚወርደውን ደን ነው። የከተማው ምንጭ ከውስጡ ስለሚወጣ መጥረቢያ እንዳይገባበት አዋጅ ተነግሮበታል። የአገሩ የኦሮሞ ሽማግሌዎች በዚህ አዋጅ ይስቁ ነበር። «እኛማ ከአባቶቻችን ጀምሮ አልቆረጥነውም፤ አዋጁ ለእናንተ ነው» ይሉናል። ቀፎ መስቀልና ኮረሪማ መልቀም ግን አይከለከልም።

እሑድ እሑድ፣ ከቅዳሴ ተመልሰን እህል ከቀመስን በኋላ፣ አባባ ከዘራቸውን አንሥተው ወደ ጥብቁ ይወርዳሉ። እንጨት አይለቅሙ፣ አያድኑ፣ ከብት አይፈልጉ። በዚያ ዘመን ያለ ጉዳይ ደን የሚገባ ሰው ወይ ሥራ ፈት ነው ወይ ጤና የጎደለው። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «ባሻ፣ ዛሬስ ምን ጠፋብዎት?» ይሏቸዋል። አባባም «ምንም አልጠፋብኝ፤ ያለውን ላየው ነው» ብለው ያልፋሉ። እኔ ከኋላ ከኋላ። ሌላ ማንንም አስከትለው አያውቁም፤ የጥብቁ ጓደኛቸው እኔ ብርቄ ብቻ ነበርኩ።

ውስጡ ስንገባ እግራችን የረጠበ ቅጠል ውስጥ ይሰምጣል። ፀሐይ ከላይ ተበጣጥሳ ነው የምትደርሰን። ጉሬዛዎቹ ነጭ ጎፈሬያቸውን አንጠልጥለው ከዛፍ ዛፍ ሲወረወሩ ካህናት ይመስሉኝ ነበር፤ ቅዳሴው አምልጧቸው እየሮጡ ነው እል ነበር። አባባ ከዘራቸውን በወገባቸው ላይ አጋድመው ከፊት ይሄዳሉ፤ እኔ ከኋላ አወራለሁ። ስለ ትምህርቴ፣ ስለ እትዬ ዘነቡ ዶሮ፣ ስለማላውቀው ሁሉ። እሳቸው አልፎ አልፎ ቆም ብለው አንገታቸውን ዘመም ያደርጋሉ። እኔን በደንብ ለመስማት መስሎኝ ድምፄን ከፍ አደርግላቸዋለሁ። አንዳንዴ «ብርቄ፣ ለዛፎቹም ተራ ስጫቸው እንጂ» ይሉኝ ነበር።

ኮረሪማ ባገኙ ጊዜ አንድ ፍሬ ቀጥፈው በቀኝ መዳፋቸው ያሹትና እያሸተቱ ይሄዳሉ። ያ እጅ እስከ ማክሰኞ ድረስ ይሸት ነበር። ራሴን ሲዳብሱኝ ጠጉሬ ላይ ይቀራል፤ ቶሎ እንዳይጠፋ ብዬ ራሴን መታጠብ እንቢ እላለሁ።

አንድ እሑድ አንድ ትልቅ የገተማ ዛፍ ግንዱ በሐረግ ታስሮ አየሁ። ገተማ ነጭ ማር የሚሰጥ ዛፍ ነው።

«አባባ፣ ይሄ ዛፍ ምን አጥፍቶ ነው የታሰረው?»

ሳቁ። «የኦቦ ገመቹ ነው። ቀፎ የሚሰቅልበትን ዛፍ የመረጠ ሰው ሐረግ ያስርበታል። ከታሰረ በኋላ ሌላ ሰው አይነካውም።»

«ወንድሙስ?»

«ወንድሙም ቢሆን አይነካውም። ደግሞ ያሰረ ሰው...»

እሳቸው ሳይጨርሱ እኔ ጉሬዛ አየሁና መጮህ ጀመርኩ። የቀረውን አልሰማሁም፤ የሰማሁት በቂ መስሎኝ ነበር።

ኦቦ ገመቹ ከያዮ በኩል የመጡ ባለማር፣ የአባባ የልብ ወዳጅ ነበሩ። በክረምቱ ንዳድ ያዛቸውና ሞቱ። ሚስታቸው ቀድማ ስለሞተች ጫልቱ የምትባል ልጃቸው ብቻዋን ቀረች። አባባም በሽማግሌዎች ፊት ቆመው «ከዛሬ ጀምሮ የአብራኬ ክፋይ ናት» ብለው በአገሩ ወግ ጉዲፈቻ አደረጓት። አንድ ቁና ጎመንና አንድ ቡትቶ ጋቢ ይዛ ቤታችን ገባች።

ይህ ብቻ ቢሆን በቻልኩት። እናቴ ግን ሳቀችና «እንግዲህ የአባቴ ልጅ ከሆነች ለኔ እህቴ ናት፤ ላንቺ አክስትሽ። እትዬ ጫልቱ በያት» አለችኝ። ጫልቱ ከኔ ብትበልጥ በአንድ ክረምት ነው። ንፍጧን እንኳን ሳትጠርግ አክስቴ ሆና ቁጭ አለች! እትዬ የምላት ሰማይ ሲታረስ ነው ብዬ ማልኩ። አማርኛ ብዙ አታውቅም ነበር። እኔ በበኩሌ ኦሮምኛ ከገበያ ልጆች ጋር አፌን የፈታሁበት ነው፤ ለሷ ግን አንዲት ቃል አላዋጣም አልኩ። እሷም አልጠየቀችኝም። ቀኑን ሙሉ ዝም ብላ ታያለች። ዝምታዋ ራሱ ያናድደኝ ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ በመጣው እሑድ ነጠላዬን አጣፍቼ በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ አባባ ወጡ፤ ጫልቱ ከጎናቸው ናት።

«ብርቄ፣ ዛሬ አንቺ ከእናትሽ ጋር ቅሪ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽም። ጫልቱ ትበቃኛለች።»

ጫልቱ ትበቃኛለች! አጥሩ ላይ ተንጠላጥዬ ከኋላቸው አየሁ። ቁልቁለቱ ጋ ሲደርሱ አባባ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ ጫልቱ ያዘቻቸው። እጅ ለእጅ ተያይዘው ጥብቁ ውስጥ ገቡ። እኔን እጄን ይዘውኝ አያውቁም። የልጅ ልጃቸው እኔ፣ ከፊት እየሄዱ ከኋላ አስከተሉኝ እንጂ አንድ ቀን እጄን አልያዙም። ቅናት ምን እንደሆነ ያን ዕለት አወቅኩ። እንደ ቃር ነው፤ ከሆድ ይነሣና ጉሮሮ ላይ ይቆማል፤ ውሃ ቢጠጡበት አይወርድም። ማታ ለራት መሶቡን ከበን ስንቀመጥ የጫልቱ እጅ ከኔ እጅ አጠገብ ነበር። ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል። እሷ ስትጎርስ እኔ እጄን ከመሶቡ አነሣሁ።

«ምን ሆነሻል? ዐይንሽ በርበሬ መስሏል» አለችኝ እናቴ ማጀት ወስዳኝ።

«አባባ ያቺን ይወዳሉ።»

«ያቺ ማነች? አክስትሽ ናት።»

«አክስቴ አይደለችም! እጃቸውን ትይዛለች።»

«እናትና አባት የሌላት ልጅ እጅ ብትይዝ ምን አለበት? አንቺ እኔ አለሁሽ።»

እውነቷን ነበር። እውነት ግን ቅናት አያበርድም።

ብዙ ነገር ሞከርኩ። ሆዴን አመመኝ ብዬ ተኛሁ፤ አባባ «ኮሶዋን ስጧት» ብለው ሄዱ። ከዚያ ያስጠላኋቸው አፌ ነው ብዬ አሰብኩና አንድ እሑድ እንደ መነኩሴ ዝም እላለሁ ብዬ ለምኜ ሄድኩ። ጫልቱን ገፍቼ ወደ ኋላ አደረግኳት። ዝምታዬ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ቆየ። እዚያ ስንደርስ ጉንዳን እንደ ጥቁር ገመድ መንገዱን አቋርጦ ተሰልፏል፤ እንኳን አባባ ሕፃን የሚያየው ነው። አባባ መሐሉ ላይ ገብተው ቆሙ። ወዲያው ሱሪያቸውን እያራገፉ ይዘሉ ጀመር። እኔ በሳቅ ፈረስኩ። ለእኔ መሳቂያ ብለው ሆን ብለው የገቡ መስሎኝ «ይድገሙት አባባ!» ብዬ ጮኽኩ። ጫልቱ ግን አጎንብሳ ከእግራቸው ላይ ጉንዳኑን አንድ በአንድ መልቀም ጀመረች። ይቺ አስመሳይ፣ አልኩ በሆዴ። ስንመለስ አባባ «በሚመጣው እሑድ ቅሪ ብርቄ» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጉንዳንም ጠላሁ።

በቅናት የታወረ ሰው የማይቀናበት የለም። አባባ በዚያ ሰሞን ሲመዝኑ የሚዛኑን ክንድ በአውራ ጣታቸው ከጥርስ ጥርስ እየዳሰሱ ነበር። ነጋዴዎቹ «ባሻ ብረቱን እንደ ልጅ ያሻሹታል» እያሉ ይቀልዳሉ። እኔ ደግሞ፣ ብረት እንኳን ከኔ ይሻላል ብዬ አለቀስኩ።

ኅዳር ገባ። ቡናው ቀላ። አንድ እሑድ፣ ጫልቱ ውሃ ስታቀርብላቸው የአባባን ቀኝ እጅ ሳብ አድርጋ ጣሳው ላይ አስቀመጠችላቸው። እሳቸውም «ተባረኪ ልጄ» አሏት። ልጄ። በዚያች ቅጽበት የታሰረው የገተማ ዛፍ ትዝ አለኝ። ለምን እስካሁን አላሰብኩትም? የታሰረን ነገር ማንም አይነካም። ወንድምም ቢሆን። አክስትም ቢሆን!

እነሱ ሳይወጡ ቀድሜያቸው ወረድኩ። ረጅም ለስላሳ ሐረግ ሳብኩና ቅጠሉን መለመልኩት። ገተማው ካለበት መታጠፊያ ላይ ነጭ የእሑድ ቀሚሴን ለብሼ መንገዱ መሐል ቆምኩ። ብዙም ሳይቆዩ መጡ፤ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ።

አባባ ፊታቸው ወደኔ ነው። አልሳቁም፤ አልተቆጡም። ማንም እንደሌለበት መንገድ ቀጥ ብለው መጡብኝ። ጫልቱ ቆመች።

«ምን አቆመሽ?» አሏት።

«ብርቄ» አለች። ከዚያ አማርኛዋን ፈልጋ «ብርቄ መንገድ ላይ አለች» አለች።

ፊታቸው ቆሜ፣ መኖሬን እሷ ትንገራቸው? ደሜ ፈላ። ሮጬ ሄጄ ከዘራ የያዘውን ግራ እጃቸውን ከነከዘራው በሐረጉ ጠመጠምኩትና አጥብቄ ቋጠርኩት።

«አሰርኩዎት! የኔ ነዎት! ከዛሬ ጀምሮ ማንም አይነካዎትም። እሷም ትልቀቅ!»

አባባ ወደ እጃቸው ጎንበስ ብለው አላዩም። ቀኝ እጃቸውን ከጫልቱ አላቅቀው በመዳሰስ አመጡና የታሰረውን ነካ ነካ አደረጉት።

«ሐረግ ነው» አሉ፤ ለራሳቸው።

ቀና ብዬ ዐይናቸውን አየሁ። ያን ያህል ቀርቤ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ጥቁሩ ላይ አጓት የተንጠባጠበበት መስሏል።

«አባባ... አያዩኝም?»

«ነጭ ነገር መቆሙን አያለሁ። አንቺ ትሁኚ ጉሬዛ ግን አላወቅኩም።»

ቀልዳቸው ነው፤ እኔ ግን አልሳቅኩም፤ የገተማው ሥር ላይ ቁጭ አልኩ። እሳቸውም ከዘራቸውን ተመርኩዘው አጠገቤ ተቀመጡ። ጫልቱ ከጎናችን ቆመች።

«ክረምት ሲገባ ጉም መሰለኝ» አሉ። «ክረምቱ ወጣ፤ ጉሙ ግን አልወጣም። ጭላንጭሉ ሳያልቅ ይህን ደን በጆሮዬና በእግሬ ልማረው ብዬ ነው። የትኛው ወፍ የት እንደሚጮህ፣ ምንጩ ከየትኛው መታጠፊያ እንደሚሰማ። ዐይኔ ሲዘጋም መምጣቴ አይቀርማ።»

«ለምን ለኔ አልነገሩኝም? ለሷ ነግረዋት!»

«ለሷ አልነገርኳትም። በመጣች ሰሞን ደጃፉ ላይ ስደናቀፍ አየችኝ፤ ምንም ሳትል መጥታ እጄን ያዘች።» የታሰረውን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። «ላንቺ ልነግርሽ ነበር ብርቄ። አፌን በከፈትኩ ቁጥር አንቺ ታወሪያለሽ።»

በጥፊ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። አልቅሼ ሐረጉን መፍታት ጀመርኩ። እጃቸውን ወደ ኋላ ሳብ አደረጉት።

«ተይው። ያኔ ግማሹን ብቻ ሰምተሽ ነው የሄድሽው። ያሰረ ሰው መውጣት አለበት። ዛፉን አስሮ ቀፎ ሳይሰቅልበት፣ ሳይወጣበት የከረመ እንደሆነ ሐረጉን ሌላ ሰው ይፈታዋል። አገሩ እንደዚያ ነው። እና አንቺስ?»

«እወጣለሁ።»

«እኔ ላይ?» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ቶሎ ቆመ። «ያንቺ መውጣት ዝም ማለት ነው። ይህ ነገር ገበያ ከደረሰ ነገውኑ ሚዛኑን ይቀበሉኛል። ጣቴ ጥርሱን ያውቀዋል፤ እስካሁን የማንንም ቡና አላጎደልኩም። ይህ ቡና ተመዝኖ ይለቅ እንጂ ከዚያ በኋላ በራሴ አፍ ዐይኔ ደከመ ብዬ አስረክባለሁ። ሰው እስኪነጥቀኝ መጠበቅ አልፈልግም። ትችያለሽ?»

በሰፈራችን «ለብርቄ የነገሩት ለገበያ የነገሩት ነው» ይባል ነበር። ይህን አባባም ያውቃሉ፤ ጫልቱም ሳታውቅ አትቀርም። ሁለቱም መልሴን ይጠብቃሉ።

«ሆድ ይፍጀው» አልኩ።

ከዘራውን ከሐረጉ መዘው ብብታቸው ሥር ወሸቁና ግራ እጃቸውን ሰጡኝ፤ ሐረጉ እንደታሰረ ነው። ሦስታችንም ሄድን። አላወራሁም። በጥብቁ ውስጥ ስመላለስ ኖሬ የገተማው ቀፎ እንደሚያጉረመርም ያን ቀን ነው የሰማሁት። ምንጩ ከሩቅ ይሰማል። ከላይ ደግሞ አረንጓዴ ወፍ፣ ክንፏ ሲዘረጋ ቀይ የሚሆን፣ ጉሮሮዋን እየጠረገች ትጮሃለች። አባባ አንገታቸውን ዘመም አደረጉ። ያ ሁሉ ዘመን ያደመጡት እኔን አልነበረም።

ስንመለስ እትዬ ዘነቡ አጥራቸው ላይ ነበሩ። «ብርቄ፣ ዛሬስ ምን አይታችሁ መጣችሁ?»

«ዛፍ» አልኩ።

«ሌላስ?»

«ሌላ ዛፍ።»

እትዬ ዘነቡ አሞኛል ብለው ለእናቴ ነገሯት። እናቴ ግንባሬን ዳሰሰች። ቡናው ተመዝኖ እስኪያልቅ፣ የመጨረሻው በቅሎ ወደ ጎሬ እስኪወጣ ዝም አልኩ። አባባም እንዳሉት ገበያው መሐል ቆመው በራሳቸው አፍ ተናገሩ፤ ሚዛኑንም አስረከቡ። ነጋዴዎቹ አለቀሱ። እኔ ያን ቀን ኮራሁ።

ቅናቴ ግን አልለቀቀኝም። እንዲያውም ከማወቄ በፊት እኔው በፈጠርኳት፣ በሌለች ልጅ ነበር የቀናሁት፤ ካወቅኩ በኋላ ቅናቴ ሥር ሰደደ። እኔ ጮኼ፣ ሮጬ፣ አስሬ ያገኘሁትን እሷ ዝም ብላ አይታ አገኘችው። ሁለቱ ብቻቸውን የሄዱባቸው እነዚያ እሑዶች ነበሩ፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ ምን እንደነበረ እኔ መቼም አላውቅም። ጠይቄያታለሁ። «ዛፍ» ትለኛለች፣ የኔኑ መልስ።

ጥምቀት ሰሞን አንድ ጊዜ ብቻ ሞከርኩ። ከጫልቱ ጋር በኦሮምኛም በአማርኛም ማውራት ጀምረን ነበር። ቁልቁለቱ ላይ አባባን መሐል አድርገን ስንቆም መሐላዬን ዋጥኩና «እትዬ ጫልቱ» አልኳት። ለልመና ነው እንጂ ለአክብሮት አልነበረም። «ዛሬ ቀኝ እጃቸውን ስጭኝ።»

ጫልቱ ብዙ አሰበች። ቤታችን ከመጣች ጀምሮ የጠየቅናትን ሁሉ እንቢ ብላ አታውቅም።

«ሂን ኬኑ» አለች። አልሰጥም።

አባባ ቀኝ እጃቸውን ከእጇ አላወጡም። ወደ ጥብቁ ወረድን።

ግራ እጃቸው የከዘራ እንጨት ነው የሚሸተው። ጥሩ ሽታ ነው፤ አልጠላሁትም። የጎረቤቴ ልጅ ያመጣልኝን ኮረሪማ ግን ሰንጥቄ እንደ አባባ በቀኝ መዳፌ አሸሁት። ከዚያ ማንም በሌለበት፣ ቀኝ እጄን በግራ እጄ ያዝኩና ቁጭ አልኩ።